ዘጠኝ ገመድ

ለገሃሬ፣ ከምድር ባቡሩ አጥር ጀርባ፣
ስድስት በር ነበርን፣ ባንድ ቧንቧ የምንግባባ፤
በየደጁ አንዳንድ ብረት፣ ካሮጌ ሐዲድ የተቆረጠ፣
ቀትር ላይ እጅ የሚልጥ፣ ዝገቱ ያገጠጠ።

ጎረቤት ለጎረቤት ገመድ አያሻውም፤
ግድግዳ ይጋራል፤ ሳሉ እንኳ አይሰወርም።
ማዶ ለማዶ ግን፣ ግድግዳ ላልገጠመው፣
ናይሎን ይወጠራል፣ ሽርጥና አንሶላ የሚያጎብጠው።

ነስቴሆ፣ የፈትሂያ ልጅ፣ ሰባተኛ ክፍል የገባች፣
«ጋሼ፣ ዲያጎናል ምንድን ነው?» ብላ ደብተር ይዛ መጣች።
መጽሐፏ ይላል፣ «ጎን ለጎን ያልሆኑ ማዕዘናትን የሚያገናኝ መስመር»፤
እኔ ግን፣ ዕድሜዬን የባቡር ዕቃ ስቆጥር የኖርኩት፣ ጣቴን ቀሰርኩ ወደ አየር።

«ከብረትሽ ሥር ቁሚ» አልኳት፤ «ስድስት ቤት ነን አይደል?
አንዷ አንቺ ነሽ፤ ከራስ ወደ ራስ ገመድ አይጣል።
ግራና ቀኝሽ ግድግዳሽ ናቸው፣ እነሱንም ተዪ፤
ስንት ቀረ?» «ሦስት።» «ስድስቱም ቤት ሦስት ሦስት፤ በይ እዪ።»

«አሥራ ስምንት!» አለች ዘላ፤ ወዲያው ፊቷ ጠቆረ፤
ቀና ብላ ብትቆጥር፣ ዘጠኝ ብቻ ነበረ።
«አቦ! ዘጠኙ የት ነጎደ?
ማን ፈትቶ ወሰደ?»

«ማንም። የጽጌማርያምን ገመድ አንቺ ካንቺ በር ትቆጥሪዋለሽ፤
እሷም ከሷ በር ትቆጥረዋለች፤ አንዱን ሁለቴ ጠርታችሁታል ማለት ነው፣ ገባሽ?
ገመድ ሁለት ጫፍ አለው፤ ለሁለት አካፍይው።»
«ሦስት ቤት ብንሆንስ?» አለች። «ሦስት ጉልቻ አይተሽ ታውቂያለሽ? መሃሉ ገመድ የለው።»

በግንቦት የፈትሂያ ገመድ ተበጠሰ፤
የድሬ ፀሐይ ናይሎን ይበላል፤ እርጥብ አንሶላ ባቧራ ለወሰ።
ፈትሂያ በግድግዳው ጥግ ጥግ ለካች፤ ስድስት ሜትር፣ ታጥፋ ስምንት፣
«አሥራ አራት ልግዛ» ብላ ቦርሳዋን አነሳች፣ ታይዋን ገበያ ልትወጣበት።

ልጅቱ ደጃፉ ላይ ቆማ፣ በከሰል መሬቱን ሞነጫጨረች፦
ስድስት በስድስት ሠላሳ ስድስት፣ ስምንት በስምንት ስልሳ አራት፤ ደመረች፤
መቶ። መቶን የወለደው፣ ራሱን በራሱ ያባዛው ማነው?
«አሥር ነው እማ! ገመድ እንደ ሰው ጥግ ጥጉን አይዞርም፤ ሰያፉን ነው የሚያልፈው።»
ፈትሂያ ዝም። ቆይታ፣ «ቋጠሮውስ?» አለች።
አሥራ አንድ ገዛች።

ከዚያ አብዲቃኒ ሄደ።
ባቡሩ ሲቆም የብየዳ ሥራውም ቆመ፤ ወደ ደወሌ ወረደ።
በሩን በሁለት ሳንቃ ቸነከረው፤
ብረቱን ነቅሎ ለቁራሌው በኪሎ ሸጠው።

ሦስት ገመድ ፈታን። ጠቅልለን አስቀመጥን።
ነስቴሆ ማታ መጣች፤ «ጋሼ፣ ሒሳቡ አልመጣልንም፤ ተሳሳትን።
አምስት ቤት፣ ለየቤቱ ሁለት፣ አሥር፤ ሲካፈል አምስት።
ከዘጠኝ ሦስት ብንፈታ ግን፣ እዚያ ያለው ስድስት።»

ቆጠርኩ። ስድስት ነው። ደግሜ ቆጠርኩ።
ዕድሜዬን የቆጠርኩ ሰው፣ መልስ አጣሁ፣ አፈርኩ።
እሷ ናት ቀስ ብላ፣ በአብዲቃኒ በር ፊት የምታልፈውን ያሳየችኝ፤
ከኔ ብረት ወደ እናቷ የተወጠረችውን፣ ሸሚዜን የተሸከመችልኝን።
«ይቺ ሰያፍ አይደለችም እኮ አሁን» አለች፤
«መሃል የነበረው ሲሄድ፣ ጎን ሆነች።»

ገመዷን አልፈታናትም።
ሸሚዜ እዚያው አደረ።
ትናንት ሌሊት ፈትሂያ ስትስል ሰማሁ፤
በአሥራ ዘጠኝ ዓመት፣
ሰምቼው አላውቅም ነበር።