ያልተለየው

በጥር አጋማሽ፣ ጎህ ሳይቀድ፣
እንድሪስ ታንኳውን ከደንገሉ መሃል አወጣ፤
መነጽሬን አንገቴ ላይ፣ ደብተሬን ጉልበቴ ላይ አየና
«ዘንድሮስ» አለኝ «ስንት ወፍ መጣ?»

ሥራዬ ቆጠራ ነው። በዓመት አንድ ማለዳ
ከሽምብጥ እስከ አባይ መውጫ ሐይቁን በመስመር አሰፍራለሁ፤
ምንቃረ ቢጫ ዳክዬ፣ ሁለት መቶ አሥራ አንድ፤
ዝይ፣ አርባ ሦስት፤ እያልኩ እጽፋለሁ።
ጅራተ ሾጣጣው የሰሜን ነው፣ በረዶ ሸሽቶ የመጣ፤
ፉጨተኛው የጎረቤት፣ ከፎገራ ሩዝ የወጣ።
ሁሉም መጽሐፉ ላይ ሥዕል አለው፣ ከሥዕሉ ሥር አገር፤
እኔም ደስ ይለኛል፣ ነገር ሁሉ በስሙ ሲያድር።

ከመሃላቸው አንዱ ግን እርሳሴን አቆመ።
ደረቱ ሰፊ፣ ሆዱ ውሃውን የሚጫን፤
ጀርባው ጥቁር ነው ሲሉት አረንጓዴ የሚሆን፤
አንገቱ ሥር ነጭ፣ ገንፎ የሚበላ ሕፃን ጨርቅ የመሰለ፤
ፊቱ ቀይ፣ በርበሬ የነካ ጣት ሲዳብሰው የዋለ፤
ጅራቱ ላይ ሁለት ላባ
ወደ ላይ ተጠቅልሎ፣ እንደ ጥያቄ ምልክት።

የአፍሪካን ገጽ ገለጥኩ። የአውሮፓን ገለጥኩ።
ከሳይቤሪያ መንገድ የሳተ ይሆን ስል ልቤ ዘለለ፤
አዲስ ወፍ ያየ ሰው ስሙ ይጻፋልና
ቁጥሩ ጠፋኝ፤ የራሴ ስም ዓይኔ ላይ ዋለለ።

እንድሪስ መቅዘፊያውን ጭኑ ላይ አጋድሞ ሳቀ።
«መጽሐፍህን እጠፍና አንገቱን እይ።
ሌሎቹ ታንኳ ሲያዩ ነው የሚያሰግጉት፤
እሱ ለሳህን ነው።»
የምሳውን ሳህን አነሣ፤
በጥፍሩ ሦስቴ፣ ቋ፣ ቋ፣ ቋ።
ሐይቁ በሙሉ ክንፍ ሆኖ ተነሣ።
እሱ ብቻ ውሃውን በደረቱ እየከፈለ
ወደ እኛ መጣ።

«የቤት ነው» አለ። «የማን ቤት?» አልኩት።
በአገጩ አሳየኝ፤ በሩ የዛገ ሎጅ፣
እንግዳ ካየ ሦስት ክረምት ያለፈው።
«ወጥ ቤቷ ተዋበች ደመወዝ ቢቀርባት ዶሮዎቹን ሸጠች፤
ዳክዬ የሚገዛ ግን ከገበያ አጣች፤
‹በል ሂድና ከሐይቁ ብላ› ብላ በሩን ከፈተች።»
እናቱ ነጭ፣ በካርቶን ከሸዋ የመጣች፤
አባቱ ቀይ ፊት፣ ከየት እንደሆነ እንጃ።

በቅሎን አባትህ ማነው ቢሉት
እናቴ ፈረስ ናት ማለቱን ሰምቻለሁ።
ይሄኛው በቅሎ ግን ለጥያቄው አፍ የለውም፤
ይተነፍሳል ብቻ፣ እንደ ተበሳ ጎማ።

አመሻሽ ላይ መንጋው ወደ ደቅ ተነሣ።
እሱም ሮጠ፤ ውሃው ላይ በእግሩ ሮጠ፤
አንድ ክንድ ያህል ከፍ አለ፤ እውነቴን ነው፣ አንድ ክንድ፤
ከዚያ ሆዱ ጠራው።
ወደቀና ላባውን አስተካከለ፣ ማንም እንዳላየው።
እኛም እንዳላየ ሆንን።

ማታ በፋኖስ ቅጹን ስሞላ
ከግርጌ በደቃቅ ፊደል፦ የቤት እንስሳ አይቆጠርም።
ለየሁት፣ አልኩ፤ ደስ አለኝ።
ከዚያ ቃሉ እጄ ላይ ቀረ።
ለየሁት፤ ምን እንደሆነ አወቅሁ።
ለየሁት፤ ከመንጋው አወጣሁ።
ቋንቋዬ ሁለቱን በአንድ አፍ ይጠራቸዋል፤
እስከ ዛሬ አስቸግሮኝ አያውቅም ነበር።

ምንቃረ ቢጫ ዳክዬ፣ ሁለት መቶ አሥራ አንድ።
ዝይ፣ አርባ ሦስት።
ስም፣ ባዶ። ብዛት፣ አንድ።

ቢሮው ይመልስብኝ ይሆናል፤ ይመልስ።
መንጋው ሊነጋጋ ሲል ይመለሳል፣ እሱም መሃሉ ይገባል፤
እንድሪስን ለምኜዋለሁ፣
ነገ ሳህኑን ሲያጥብ
ድምፅ እንዳያሰማ።