የማይገባ ዓመት

በኅዳር፣ ኩኦፒዮ ላይ፣ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ይመሻል፤
ሐይቁ ዳር ዳሩን ረግቷል፣ መሀሉ ገና ይተነፍሳል።
እኔ ከምድር ቤት ነኝ፣ ከአንጎል ምርምሩ ሕንጻ ሥር፣
ከማሽኖቹ ጋር የምውል፣ አንዳንዴም አብሬ የማድር።
ላይ ያሉት ነጭ ለብሰው ስለ ማሰብ የሚያስቡ፤
የእኔ ሐሳብ አንድ ነው፦ ሁሉም በየሳጥኑ ይግቡ።

ሥራሽ ምንድን ነው ሲሉኝ «መዝገብ ቤት ነኝ» እላለሁ፤
የሰው አንጎል አላየሁም፣ ሠንጠረዡን ግን አውቃለሁ።
ስም አይፈቀድልኝም። ስሙ ከሌላ ካዝና ነው፤
ቁልፉም በሌላ ሰው እጅ፣ ሕጉ እንዲያ ነው የሚለው።
ስለዚህ እሱን የማውቀው በአራት መቶ አሥራ ሰባት፤
ዓሣ አጥማጅ የነበረ፣ ግራ እጁ የሚጽፍበት፣
በየኅዳሩ የሚመጣ።

በመጀመሪያው ዓመት ሰዓት ሣል ቢሉት፣ ድፍን ክብ አርጎ ሣለ፤
አሥራ ሁለቱም ቁጥር በየወንበሩ፣ አንድም የጎደለ የለ።
በሦስተኛው ቁጥሮቹ ሁሉ ወደ አንድ ወገን ዘመሙ፣
አንድ ዓሣ ለማየት በጀልባ ጠርዝ ላይ እንደተሻሙ።
በአምስተኛው ክቡ ራሱ ቀረ፤ ከወረቀቱ ወደቁ ሦስቱ፤
እኔ ዘንድ ሁለት ሜጋባይት ነው። ይኸው ነበር ክብደቱ።

ማክሰኞ ስልክ ጮኸ። ቱውሊኪ ናት፣ ነርሷ ከሦስተኛው ፎቅ፤
ስትቆጣ ድምፅዋ ይበርዳል፣ ሳትጮህ፣ ሳትስቅ።
«ኢርመሊ፣ ማሽንሽ እምቢ አለኝ፤ ቀይ ያበራል ደጋግሞ፤
መልሱን ባጎርሰው አይውጥም፣ እንደ ሕፃን አፉን ገጥሞ።»
«ጥያቄው ምን ነበር?» አልኳት። «ዛሬ ዓመቱ ስንት ነው? የሚለው።»
«እሱስ ምን አለ?» ዝም አለች። «ሺህ ዘጠኝ መቶ ስልሳ አንድ ነው።»

ሕጉን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ የዛሬ ስድስት ዓመት፣ በሰኔ፣
ሌሊቱ አልጨልም ብሎኝ እንቅልፍ ሲሸሸኝ ከዓይኔ።
ከሁለት ሺህ በታች ዓመት ቢመጣ፣ ስህተት ነው፣ መልሰው አልኩት፤
ዘበኛ አድርጌ በሩ ላይ ዱላ አስይዤ አቆምኩት።
የአፍ ወለምታ ቅቤ የለውም፤ ለጣት ወለምታ ግን ያ ቅቤ ነበር፤
ነርስ ደክሟት አንድ ዜሮ ብትስት፣ አሽቶ የሚመልሳት ከበር።
አሁን ግን ሽማግሌው ተሳስቶ ትክክል ሆነ፤ ስህተቱ ነው መልሱ፤
እሱን በር ላይ ብንመልሰው፣ የሚጠፋው ጥናቱ ነው ራሱ።
«የዘንድሮውን ልሙላ?» አለች፤ «ወይስ ባዶ ልተወው?»
«ባዶማ አልተጠየቀም ነው። እሱ ተጠይቆ መለሰው።»

ከስልኩ ወዲያ ድምፅ ሰማሁ። ሻካራ፣ ግን የማይቸኩል፤
«በረዶው ገና ስስ ነው፣ ጀልባዬም ውሃ ላይ ናት» ሲል፣
«ነገ አወጣታለሁ» ሲል፣ ቱውሊኪም «እሺ» ስትለው፤
ዘጠኝ ዓመት መዝግቤው፣ ድምፁን መስማቴ ይህን ጊዜ ነው።

ሕጉን ሰረዝኩት። አንድ መስመር ነበር።
«አሁን ሞክሪ» አልኳት።
ገባ።
ቀዩ ጠፋ። ሽማግሌው ምን እንደተደረገለት ሳያውቅ
ስለ ውሃው ጥልቀት ያወራላት ነበር።

በማግሥቱ ዶክተር ፔካሪነን ደረጃውን ወርዶ መጣ፤
«መረጃችን ንጹሕ ይሁን ባልን፣ ይኼ ከየት ወጣ?
ግራፌን አበላሸው» አለ። ግራፉን አየሁ፣ እውነት ነው፤
መስመሩ እንደ ተጣለ መልሕቅ ስልሳ ዓመት ወርዶ ታች ነው።
«ስህተት አይደለም» አልኩት። «ታዲያ ምንድን ነው?» «መልስ ነው።»
ቆየ። መነጽሩን ጠረገ። ሲወጣ ደረጃውን ቀስ ብሎ ነው።

ሌሊት፣ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ማሽኑ ሁሉን ይገለብጣል፤
አንዱን ቅጂ እዚህ ያኖርና ሌላውን ኦውሉ ይልካል፣
እሳት ቢነሳ፣ ውሃ ቢገባ።
እኔ ያኔ ቤቴ ነኝ፤ የብስክሌቴን ቁልፍ የት እንዳኖርኩ ጠፍቶኝ
ኪሶቼን አራግፋለሁ።
እሱ ግን በገመድ፣ በጥድ ጫካው ሥር፣ ይጓዛል፤
በሁለት ሺዎቹ መሀል አንድ ስልሳ አንድ።
እዚያች ሳጥን ውስጥ በረዶው ስስ ነው፣
ጀልባዋም ውሃ ላይ ናት። ነገ ያወጣታል።