ማክሰኞ ማታ፣ ከጣቢያው ጀርባ

ከአፉላ አውቶቡስ ጣቢያ፣ ከጀርባው በኩል፣
የኒሲም ቢራ ቤት አለች፤ ጓዳ የምታህል፤
ወለሏ የሱፍ ቅርፊት ነው፣ ሲረግጡት ይንኮሻኮሻል፣
መስኮቷ ላይ ማራገቢያ፣ ደስ ሲለው ብቻ ይዞራል።

እኔ ፍሪጅ ልጠግን ገብቼ ነው የቀረሁት፤
መፍቻዬንም ከባንኮኒው ስር ነው የተውኩት።
ይኸው ሦስት ዓመቴ፤
ማክሰኞ ማክሰኞ እዚያ ነው ቤቴ።

ድረስ ጥጉን ይይዛል፣ አንካሳዋን ጠረጴዛ፤
ቢራው በተነቃነቀ ቁጥር ሳቁ በዛ፤
"እሷም እንደኔ ጉልበቷን ነው" ይላታል፣
እንደ ታመመች በቅሎ መታ መታ ያደርጋታል።
ገድሉን የሰማሁት ከሰፈር ነው፤
እሱ የሚያወራኝ የቲማቲም ዋጋ ነው።

ሌሊት ስልኩ ይጮሃል። ልጇን ፖሊስ የያዘባት፣
"ድረስ!" ትላለች፣ ድምጿ ተቆራርጦባት፤
ስሙን ትጥራ፣ ትማጠን፣ እሷም ያኔ አትለየው፣
እሱ ሁለቱንም ሰምቶ ጫማውን ነው የሚፈልገው።
ጠዋት ናዝሬት ነው፣ ከችሎቱ በር፣ በዚያች ጃኬቱ፣
ለሰርግም ለለቅሶም ለዳኛም አንዲቱ።
ዋስ ጠፋ ሲባል፣ ከኋላ ወንበር እጁ ይወጣል፤
ሃያ ዓመት እንዲህ ነው፣ ሰፈሩ ይቆጥራል።

አንድ ማታ ጠየቅሁት፣ ቢራው አደፋፍሮኝ፤
"ስንት ልጅ አስፈታህ?" አልኩት፣ ቁጥር የሚነግረኝ መስሎኝ።
ሱፏን በጥርሱ ሰበራት፣ ቅርፊቷን እፍ አላት፤
"የናዝሬቱ አውቶቡስ አንድ ቀን በሰዓቱ መጥቶ አያውቅም።
ክረምት ደግሞ መጠለያው ያፈሳል።
ለማዘጋጃ ቤት ሦስቴ ጽፌያለሁ።"
መልሱ ይኸው ነበር።

እትዬ አጣለል ሳቁ።
ከሆስፒታል ነው የሚመጡት፣ የአስተርጓሚ ባጃቸውን ሳያወልቁ፤
አረቄ ያዛሉ፣ አንዲት፤ ሁለተኛ አይጠይቁ።
"እኔ ቃል ተሸካሚ ነኝ" ይላሉ፣ "ኩሊ ነኝ በለኝ፤
አንዳንዱ ቃል ባማርኛ በር አልገባ ይለኛል፣ እንደ ቁም ሳጥን፤
አዙረህ፣ በጎን አርገህ፣ ባይሆን በሩን ነቅለህ ታስገባዋለህ።
የፋሲካ ማግሥት፣ አንድ ልጅ እግር ሐኪም፣
'ስድስት ወር ቀርቷቸዋል፣ ንገሪያቸው' አለኝ።
አባ ተገኘን ነው። ጣሪያ ጣሪያውን ሲያዩ፣
'እስከ ማሽላ አጨዳ' አልኳቸው።
'እንግዲያ ዘር ይወጣዋል' አሉና
ጎንበስ ብለው የጫማቸውን ክር አሰሩ።"

ማራገቢያው ዞረ። ቆመ።
ኒሲም አማርኛ አይሰማም፤ ግን ሬድዮኑን ዝቅ አደረገ።
"ቲማቲም ዘጠኝ ሼቄል ገባች" አለ ድረስ፣ ቆይቶ።

ባለፈው ማዘጋጃ ቤቱ ለድረስ የምስጋና ወረቀት ሰጠው፣
ወፍራም፣ ጠርዙ ወርቅማ፤ አዳራሽ ሙሉ ሰው አጨበጨበለት፤
ማይክራፎኑን ሲሰጡት ስለ መጠለያው ጠየቀ አሉ።
ማክሰኞ ብብቱ ስር ይዞት መጣ።
ኒሲም ሚስማር ሊያመጣ ሲነሳ፣
ድረስ አራት ላይ አጠፈው፣ ጎንበስ አለ፣ ጉልበቱ ቀጭ አለ፣
ካንካሳዋ እግር ስር ወተፈው።

ጠረጴዛዋ ቀጥ አለች።
እትዬ አጣለል ብርጭቋቸውን መሃል ላይ አኑረው ጠበቁ፤
አረቄው ውልፍት አላለም።
"ጎሽ" አሉ፣ "አሁን ገና ተተረጎመ።"

ከዚያ ስልኩ ጮኸ።
እኔ እንኳ ከወንበሬ ሆኜ ያቺን ቃል ሰማኋት።
ድረስ ጃኬቱን አነሳ፤ በሂሳቡ ከኒሲም ጋር ተጨቃጨቀ፤ ከፈለ።
መፍቻዬን ከባንኮኒው ስር አወጣሁና፣
"አውቶቡሱ ይዘገያል" አልኩት፤
"መኪናዬ ውጭ ናት፤ የጋዙን ጠርሙስ ግን ታቅፈህ ነው የምትቀመጠው።"

ብዙም አላወራንም። የሸለቆው መብራት በቀኝ ይሁን በግራ እንኳ አላስታውስም፤
እስከ ናዝሬት፣ ድረስ ጠርሙሱን ታቅፎ ሱፍ ሲሰብር።
ቅርፊቱ አሁንም ወንበሩ ስር አለ፤
አልጠረግሁትም።