ወጣ፣ ገባ

የስኳድሮኑ ታሪክ መሃል ሜዳ አለ፣
ከጎታችን ጀርባ፣ በጥይት ሣጥን ውስጥ፣ ከአይጥ የተከለለ።
ሐውልት የለው፣ ሥዕል፤ ባለ ሃምሳ ሉክ ነው፣
ሰማያዊ ደብተር፣ ጠርዙን ዘይት የነካው።

አባቴ ነው የጻፈው፤
ባሻ ወልደአረጋይ፣ የጎማና የፍሬን፣ የክንፍ ሥር ሰው።
አብራሪ አልነበረም፤ ሰማይን የሚያውቀው
አንገቱን አቅንቶ፣ ከመሬት ሆኖ ነው።

ሁለት ዓምድ ነው ያለው፣ «ወጣ» እና «ገባ»፤
በዚያው ነው የሞላው፣ ሁሌ፣ ነጋ ጠባ።

ቁጥር አምስት፦ ወጣ፣ ሊነጋጋ ሲል። ገባ፣ ለሁለት ሩብ ጉዳይ፤
የሆዱ ቆርቆሮ ሦስት ቦታ ተበስቶ ይታያል ሰማይ።
ቁጥር አሥራ ሰባት፦ ገባ፣ ጭራው ተቦጭቆ፤
አብራሪው መሰላሉ ላይ ተቀመጠ፣ ስቆ፣ ስቆ።
መለዋወጫ ጠፋ፤ ካንዱ የተፈታ ቦልት ለሌላው ታሰረ፤
ከአሥራ ሁለቱ ጄት አራት ብቻ በረረ።

ገጽ ሠላሳ አንድ ላይ፣ ሐምሌ፣ ዝናብ ሲያባራ፣
ወጣ፣ ቁጥር ዘጠኝ፣ ከመቶ አለቃ አምኃ ጋራ።
ከቀኝ በኩል፣ ባዶ።

እስካሁን ባዶ ነው፤ አልሰረዘም፣ አልጻፈም፤
«ለ‹ቀረ›» ይላል፣ «ያሰመርኩት ዓምድ የለም።
ቀበቶውን ያሰርኩ እኔ፤ መስታወቱን የከደንኩ፤
‹ሻዬን ክደንልኝ› አለኝ። እሱንም ከደንኩ።»

በሰማንያ ሦስት፣ ግንቦት፣ ጦሩ ሲበተን፣ በሩ ሲከፈት፣
ማን ምን ተሸክሞ ወጣ! ባትሪ፣ አልጋ፣ ዱቄት፤
አባቴ ደብተሩን፣ እና ከጄት ኋላ
ሲያርፍ የሚዘረጋ ፍሬን፣ ያን ጃንጥላ፣
አዝሎ ከደብረ ዘይት በእግሩ መጣ፤ ስምንት ቀን ፈጀበት፤
የጣርማ በር ቁር ላይ ለብሶ ተኛበት።

አሁን ያ ጃንጥላ የገብስ ክምር ልብስ ነው፤
ጎረቤት ጓሳ ነው ክምሩን የሚያለብሰው።
እናቴ አትወደውም፦ «ነፋስ እንዲያሳልፍ የተሸነተረ
ጨርቅ መቼ ነው ዝናብ ሲከለክል የነበረ?»
«ለወፍ ነው» ይላታል።
ወፉ ግን እላዩ ላይ ጎጆ ይሠራል።

ኅዳር ላይ ከጓሳ ነፋስ ሲነሳ፣ ማታ፣
ጃንጥላው ይወጠራል፤ ክምሩ ያረፈ ጄት ይመስላል፣ ላፍታ።
አባቴ ይወጣል፣ ባናውን ጣል አርጎ፣
ያያል ወደ ምሥራቅ፣ ሰዓቱን ፈልጎ፤
ከዚያ ይገባና ይተኛል። አንጠይቀውም።
ሣጥኑንም አይከፍትም።

ባለፈው፣ ከወረዳ፣ የመሬት ለኪ መጥቶ
ማሳችንን ዞረ፣ ሜትሩን ዘርግቶ፤
ከቦዩ ማዶ ቆሞ፣ ቅጹን ለሚሞላው ልጅ ጮኾ አስተጋባ፦
«የመሬቱ ገጽታ፣ ወጣ ገባ!»

የአባቴን አንድ ጆሮ ሞተር ነው የበላው፤
ከቃሉ ሁለተኛው ብቻ ነው የደረሰው፤
ማጭዱን ጥሎ መጣ፣ ትንፋሽ እያጠረው፤
«የቱ ቁጥር?» አለው።