በካርቶን ጀርባ ላይ

ሰጃ፣ ሻርጃ ዳርቻ፣ ነሐሴ ሲጋመስ፣
ቁልፍ የጨበጠ እጅ በብረቱ ሲጠበስ፣
ቆመ መኪናዬ ከጉልዛር ጋራዥ ደጅ፣
ዘይት እየጨለጠ እንደ ሰርግ ቤት ወዳጅ።
ጭሱ ሰማያዊ፣ ክዳኑ እየተንጣጣ፣
የፉጀይራን ዳገት ድንጋይ ጭኖ ሲወጣ
ጥሩንባ ነው ከኋላ፣ ስድብ ነው የሚመጣ።

ጉልዛር የዘይት መለኪያውን መዘዘና አሸተተ፤
"ይከፈት" አለ ባጭሩ።
መክፈትስ ማንን አቃተ!
ሆዱን ከፍቶ ያሳየህ ሳይበላ መች ይሸኛል?
ካርቶን ቀደድኩ፤ ጀርባው ለሒሳብ ይሆናል።

ስድስት ካሚቻ፣ ስድስት ፒስቶን ከነፋሻቸው፣
ሁለት ሺህ ሰባት መቶ።
ብሮንዚን፣ ስድስት መቶ።
ጓርኒስዮን ሙሉውን፣ ሰባት መቶ ሃምሳ።
የዘይት ፖምፓ። የኢኜክተር አፍ።
ክራንኩን ማስሞረድ (ጭረቱ ካልጠለቀ)።
ዘይት፣ ፊልትሮ። የጉልዛር እጅ፤
እሱ ላይ ተከራክሬ አፌ ደረቀ።

ኮምቦልቻ የተማርኩትን ስም ይዤ ሱቅ ብገባ
"ካሚቻ" ብዬ ብጠይቅ ሱኒል ግራ ተጋባ፤
"ቀሚስ?" አለና ሳቀ፣ ጎረቤቱን ጠቆመኝ፣
ልብስ ሰፊው በር ላይ ሆኖ ሜትሩን አሳየኝ።
በአየር ላይ ክብ ሠርቼ፣ ፒስቶን ሆኜ ወጥቼ ወርጄ
ሲገባው ሦስት አገር ደረደረ ከደጄ፦
ጀርመን፣ ቱርክ፣ ቻይና።
ኪሴ ቻይና ሲለኝ፣ ዳገቱ ጀርመን አለ፤
ቱርክ ላይ ታረቅን፣ ሁለቱም እያጉተመተመ።

ግማሽ መኪናው የሰኪና ነው።
አጅማን ሰው ቤት ነው ያለችው፤
መኪናውን አይታው አታውቅም፣
ዋጋውን ነው የምታውቀው።

ማታ የሰው ልጆች አስተኝታ በሹክሹክታ ደወለች፤
"ዘጠኝ ሺህ ሰባት መቶ" አልኳት።
"ስንት ወሬ ነው?" አለች።
ወሬ የጠየቀችኝ መስሎኝ ስለ ሰፈሩ ጀመርኩ፤
ለካስ ወሯን ነው፣ ደመወዟን። አፍሬ ቆጠርኩ።
"ሰባት ወር ተኩል ገደማ።"
"ብሮንዚኑ ብቻውንስ?"
"ሁለት ሳምንት።"
"ጓርኒስዮኑ?"
"የረመዳን እኩሌታ፣ ከዚያም ትንሽ ያልፋል።"
ዝም አለች። የማቀዝቀዣ ድምፅ በስልኩ ይሰማል።

"ላልተጠራውስ ጽፈሃል?"
"ላልተጠራው ምን?"
"እዚህ ድግስ ሲኖር፣ እመቤቲቱ ሁልጊዜ
ሁለት ትሪ ታስጨምራለች፣ ስሙን ለማታውቀው እንግዳ።
ቀርቶ አያውቅም፤ ይመጣል።"
ሳቅኩባት። ካርቶኑ ሞልቷል አልኳት። የት ላይ ይጻፋል?

ሐሙስ ቴስታታው ወረደ፤ ጉልዛር በናፍታ አጠበው፣
ጥቁር ውኃ ሲወርድለት በመብራት አስጠግቶ አየው፤
ከሁለት ቫልቮላ መሐል፣ ፀጉር የምታክል መስመር፤
ብረት ተሰንጥቆ ሳለ ያን ሁሉ ድንጋይ ሲያግዝ ነበር።
"መበየድ ይቻላል" አለኝ፤ ዓይኑ ግን አይቻልም ይላል።

ከተገለበጠ መኪና የተፈታ፣ ደህና ቴስታታ፦ አሥራ ስምንት መቶ።
በካርቶኑ ጠርዝ ጻፍኩት፣ ዳር ዳሩን ይዞ፣ ተጣሞ።
ነገርኳት። "አንድ ወር ከአሥራ አንድ ቀን" አለች፣
እኔ ሳልጀምር ጨርሳ። በነጋታው ላከች።
ስለ ሁለቱ ትሪ አላነሳችም።
ቢሻለኝ ኖሮ ብታነሳ።

በሃያ ሦስተኛው ቀን ሞተሩ ተነሣ።
አንዴ አስነጠሰ፣ ነጭ ተፋ፣ ከዚያ ጠራ ጉሮሮው፤
ጉልዛር እጁን በጨርቅ ሲጠርግ፣ ከንፈሩን ሲነክስ አየሁ፤
ሲደሰት እንዲያ ነው።
"ድምፁን ልላክልሽ ሰኪና? ስሚው፣ እንደ አዲስ ሆኗል።"
"ድምፁን ተወው" አለችኝ፣ "ደረሰኙ ይበቃል።"

የመጀመሪያውን ሺህ ኪሎ ሜትር
ሳትጭን ንዳ ብሏል ጉልዛር፤ ካሚቻና ፋሻ እስኪላመድ።
ባዶውን አሸዋ ዳር ለዳር፣ ናፍታ እየበላ ሲሄድ
የሚከፍለን ሰው የለም።
ያ ሺህ ካርቶኑ ላይ የለም።
ለሷም ገና አልነገርኳት።