ባዶ ምት

ሦስት መቶ ኮሌታ ከሰፋሁ በኋላ፣
ሰርቪሱ ሲያወርደኝ ከዋርካው ሥር ጥላ፣
አራት ሆነን በምንከራያት አንዲት ክፍል
ጊታሬን አወጣለሁ፣ ከአልጋ ሥር፣ ከጫማ መሐል።
ጎኑ ተሰንጥቆ በሙጫ የተያዘ፣
የሁለት ወር ደሞዜን ይዞብኝ የተጓዘ።
መምቻዬም ከሲም ካርድ ማቀፊያ የተጎመደ፣
ጠርዙ በጥፍር ሞረድ የተሞረደ።

ግራ እጄን አላማም።
ጣቶቼ ቤታቸውን ያውቃሉ፤
ከመርፌ ጋር ኖረው፣ ለክር ሕመም ደንዝዘው ይስቃሉ።
ቀኙ ነው ጉደኛው።
ዝም ብዬ ስመታው፣
ታች፣ ታች ላይ፣ ላይ ታች ላይ፣
እንደ ባጃጅ ሞተር ይንደቀደቃል፤
አፌን ስከፍት ግን
እንደ ጎረቤት ጆሮውን ወደ ድምፄ ይጥላል።
ቃሉ ሲረዝም ይረዝማል፣
ቃሉ ሲያጥር ያጥራል፣
ትንፋሽ ልውሰድ ስል ቆሞ ይጠብቀኛል፣
መናኸሪያ ደጅ እንደቀረ፣ አገሩን እንዳላወቀ እንግዳ።

ተዋበች ከላይኛው አልጋ ላይ፣
«ወይ ዝፈኚ፣ ወይ ምቺ! ሁለቱን አታጣይ፤
ሌሊት አሥር ተኩል ተነሺ ነን» ትላለች።
ብርድ ልብሷን እስከ ጆሮዋ ትስባለች።

ፒያሳ ያለው ልጅ፣ ጊታር አዋቂው፣
«ቁጠሪ» አለኝ፤ «እግርሽ ይምታ፣ አንደበትሽ ይቁጠረው።»
ቆጠርኩ።
መቁጠር እኮ እንጀራዬ ነው፤
ጠዋት ማታ የምቆጥረው ኮሌታ ነው።
ዘፈኑ ውስጥ ቁጥር ገባ፣
ዘፈኑ በመስኮት ወጣ።

እሑድ፣ አሞራ ገደል።
ዓሣ ገፋፊዎቹ ቢላ ይስላሉ፤
አባ ኮዳዎች፣ ካፖርት እንደለበሱ ጡረተኞች፣ አንጀት ይጠብቃሉ።
ጋሽ ሀመሶ ጀልባ ላይ ወጣሁ፣
አየር ልቀበል ብዬ፣ እጄን ልርሳው ብዬ።
እሳቸው ይቀዝፋሉ፣ ያወራሉ፤
የእህታቸው ልጅ በሬ ሸጦ ባጃጅ ገዛ፣
ባጃጁ በሦስተኛው ቀን ቦይ ገባ፣
በሬው ግን ዛሬም ያርሳል፣ ለሰው።
ይስቃሉ፣ ያስላሉ፣ ወሬው ይቆማል፤
እጃቸው አይቆምም።

መቅዘፊያውን አየሁት።
ውኃ ውስጥ ገብቶ ይገፋል፤
ወጥቶ፣ በአየር ላይ እየተንጠባጠበ፣ ይመለሳል፣
ምንም ሳይነካ።
መመለሱ ባይኖር መግፋቱ ከየት ይመጣ ነበር ለካ።

«ጋሽ ሀመሶ፣ ሲያወሩ እጅዎ አይሳሳትም?»
ዞር ብለው አዩኝ።
«የትኛው እጅ?» አሉኝ።

ማታ ካልሲዬን ጠቅልዬ
ከክሮቹ ሥር ወተፍኩ፣ ድምፁን ልቅበረው ብዬ።
ትከሻዬን ጣልኩ፣ አንጓዬን ፈታሁ፤
መምቻዋን እንደ ጫጩት ያዝኳት፣ እንዳትሞትም እንዳታመልጥም ፈራሁ።
እጄ ይውረድ፣ ይውጣ፤
ክር ቢያገኝም ባያገኝም፣ ቃል ቢመጣም ባይመጣ።
የሚስተው ምት፣ ባዶው፣
እሱ ነው ለካ ዘፈኑን ተሸክሞ የሚሄደው።
የመርፌዬም ነገር እንዲሁ ነው፤
ጨርቁን ስትወጋ ብቻ አይደለም የምትሰፋው፣
አየር ላይ ስትነሳም ነው።
ስድስት ወር ሙሉ አፍንጫዋ ሥር ተቀምጬ አላየኋት።

መጀመሪያ አጉረመረምኩ፣ ትርጉም የሌለው፤
ቀጥሎ የማውቃቸውን ስሞች፣ ቀጥሎ ግጥሙን።
እጄ ሄደ። ድምፄም ሄደ።
እንደተኳረፉ ባልና ሚስት፣
ሳይነጋገሩ፣ ከገበያ በአንድ መንገድ እንደሚመለሱ።
በሁለተኛው አንጓ የእጄ አንጓ ደረቀ፤
ተሳሳትኩ፤ አላቆምኩም፤ ስሕተቱ ከኋላዬ ቀርቶ ራቀ።

ከላይ የአልጋው ብረት ሲጢጥ አለ።
ግጥሙ ሊያልቅ ነው፣ ትንፋሼ ተንጠለጠለ፤
እጄ ግን ወረደ፣ ወጣ።
አሁን ስድቧ መጣ
ብዬ ስጠብቅ፣ ተዋበች ዓይኗን እንኳ ሳትገልጠው፣
«ያን ካልሲ» አለችኝ፣ «አውጪው።»