ሰምጦ ወደ ውጭ

ዊኒፔግ፣ ከሐዲዱ ዳር፣ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት፣
ዘጠኝ ሆነን እንማራለን፣ ማክሰኞ ማክሰኞ ሌሊት።
ቀን የበረዶ ካፖርት ሰፍቶ፣ ክር የተጣበቀው ጣት፣
ማታ እርሳስ ይዞ ይመጣል፣ ቃልን በቃል ሊጥፍበት።

ሚስስ ኮዋልቹክ ጠመኔዋን ሁለቴ አንኳኳችና፣
"ድራውን" አለች፣ "አውት" አለች፤ "ሁለቱን አንድ አድርጉና
አረፍተ ነገር ስጡኝ" አለች። ዝም አልን ተያየንና።

መስጠም የሚሉትን አውቃለሁ፣ ዓባያ ዳር ነው ያደግሁት፤
"አውት"ንም አውቃለሁ፣ ውጭ ነው፣ በር ላይ ተጽፎ አየሁት።
ግን እንዴት ሆኖ ነው ሰው ሰምጦ ወደ ውጭ የሚወጣ?
እንዲህ ያለ ዋናተኛ ከወዴት አገር መጣ?
ለካሎንጂ ባንሾካሹክለት፣ ሳቁ አፈትልኮ ወጣ።

"ስሙኝማ" አለች መምህርቷ፣ እጇን ጆሮዋ አስጠግታ፤
"አንዱ ድምፅ ከፍ ብሎ ሌላውን..."
ባቡሩ ደረሰ።
መቶ ሠላሳ ፉርጎ፣ ስንዴ የጫነ።
መስኮቱ ተንቀጠቀጠ፤ ጠመኔው ከጠረጴዛው ተንከባለለ፤
የእሷ አፍ ይከፈታል፣ ይዘጋል፣
እንደ ዓሣ።
ማስረዳቷን ግን አላቆመችም።
አራት ደቂቃ።
የመጨረሻው ፉርጎ ሲያልፍ "ገባችሁ?" አለችን።
አንዲት ቃል አልሰማንም። ሁላችንም "ገባን!" አልን።

በእኛ ቋንቋ ትልቁ ድምፅ ትንሹን ይውጠዋል፤
የተዋጠ ነገር ደግሞ፣ ማን ያውቃል፣ ሆድ ውስጥ ይኖራል።
በእነሱ ግን ያሰጥመዋል፤
ማስጠሙም አይበቃው፣ ወደ ውጭ አውጥቶ ይጥለዋል።
ይህን ሳወጣ ሳወርድ ፌርማታዬ አለፈኝ።

ረቡዕ። ሁለት መቶ የስፌት መኪና፣ አንድ ጣሪያ።
አለቃችን ዳረን ፊቴ ቆሞ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል።
ሦስት ዓመት ሙሉ ለዚያ ከንፈር
ራሴን ስነቀንቅ፣ እሺ ስል ኖሬያለሁ፤
ለምኑ እሺ እንዳልኩ ሳላውቅ።
ያን ቀን እግሬን ከፔዳሉ አነሣሁ። ቆምኩ።
ጣቴን ወደ መኪናዎቹ ዘርግቼ፣ በሙሉ ጉሮሮዬ፣
"ዴይ ድራውን ዩ አውት!" አልኩት።
ደነገጠ፤ የሰመጠ ሰው ያለ መሰለው መሰለኝ።
ከዚያ ጎንበስ አለና ጆሮዬ ሥር፣
"ስምሽ በትክክል እንዴት ነው የሚጠራው?"
ሦስት ዓመት የጠየቀኝ ይህንኑ ይሁን አይሁን፣ እንጃ።

"ትርንጎ" አልኩት።
ዋጠው፣ ያ ሁሉ መኪና።
ደገምኩለት።